ሃያ ሦስተኛው ማህደር

«ይቺ ቁልፍ ተጣብቃለች» አለ የፒያኖ ጠጋኙ።

«ከግራ ስንተኛዋ?»

«አራተኛዋ።»

የምስጢር መለያ ቃሉ ገጠመ፤ ሰውየው እሱ ነው።

ክብሪት ወደ ፒያኖው ቀረበች። መድረኩ ላይ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ከመጋረጃው ማዶ ለእረፍት የተነሳው ተመልካች ሲንጫጫ ይሰማል። እረፍቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። አራቱ ሄዷል።

ጠጋኙ ስድሳ ያለፈው ሰው ነው። የፒያኖውን ክዳን አንስቶ ጎንበስ አለ፣ እሷም የምታግዘው መስላ ጎንበስ አለች። መዳፏ ላይ አንድ ነገር ጣል አደረገላት። ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ ናት።

«ሁሉም ስም አለ» አለ፤ ከንፈሩ አይንቀሳቀስም። «ከእናንተ መሥሪያ ቤት ሆነው ለኛዎቹ የሚሠሩት፣ በሙሉ። ግን ስሚኝ። አንዱ አብሯችሁ መጥቷል።»

«ማን?»

«ስሙን አልሰማሁም። የጸጥታ ሹሙ ቤት ፒያኖ ሳስተካክል ነው በስልክ ሲያወራ የሰማሁት። ‹የኛ ሰው ከዘፋኞቹ ጋር ነው› አለ።» ክዳኑን ቀስ ብሎ መለሰ። «ይህ ካርድ የተገኘበት ሰው ሃያ ዓመት ይከረቸምበታል። ሴት ነው፣ ልጅ ነው አይሉም። በይ፣ ሂጂልኝ።»

ሄደች።

ክብሪት ስሟ አይደለም፤ የስለላ መሥሪያ ቤቷ የሚጠራት ነው። የዩኒቨርሲቲው ኳየር ልጆች ግን «እታለም» ነው የሚሏት። ለነሱ የሠላሳ አንድ ዓመት የማስተርስ ተማሪ ናት፣ ሁለተኛ አልቶ፣ የሴቶቹን ወፍራም ድምፅ፣ ትዘምራለች፣ የተቀደደ ጋውን ትሰፋለች። ስምንት ወር ሙሉ አብራቸው ተለማምዳለች፣ አኩርፋለች፣ ታርቃለች፣ ፈተና ሲወድቁ አባብላለች። ይህ ሁሉ ጎረቤት አገር መጥታ ለዛሬዋ የእረፍት ሰዓት እንድትደርስ ነበር። እንዲህም ሆኖ ልጆቹን ወዳቸው አረፈችው፤ ያ በእቅዱ ውስጥ አልነበረም።

ከመድረኩ ጀርባ ማህደሯን ከፈተች። ጥቁር ነው፣ የሠላሳ ሁለቱም ዘማሪዎች ማህደር አንድ ዓይነት ነው፤ የሷ ማህደር ጀርባ ላይ 23 የሚል ቁጥር አለ። የመጨረሻው መዝሙር ኖታ ላይ ሁለት ገጾች በሙጫ ተጣብቀዋል፣ ከላይ በኩል ብቻ ጣት የምታስገባ ክፍተት ቀርታለች። ካርዱን አስገባችው። በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ምንም አይታወቅም።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ማህደሩን ታቅፋ አውቶቡስ ትሳፈራለች፣ ታቅፋ የድንበሩን ኬላ ታልፋለች። ከሠላሳ ሁለት ማህደር የሷን መርጦ ማን ያገላብጣል?

ኮንሰርቱ ሲያልቅ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ልጆቹ እየጮሁ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገቡ። ክብሪት ማህደሯን ወንበር ላይ አስቀምጣ ጋውኗን በራሷ ላይ አወለቀች። ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው።

ዞር ስትል ወንበሩ ባዶ ነው።

«ማህደሬስ?»

«እኔ ጋ ነው!» አለ አቶ ፋይል።

አቶ ፋይል የኳየሩ ኖታ ያዥ ነው። ባስ ይዘምራል፣ አንድ ወረቀት ከጎደለበት እንቅልፍ አይወስደውም፤ ቅጽል ስሙን ያወጡለት ልጆቹ ናቸው። ትልቅ ሳጥን ይዞ ክፍሉን እየዞረ ማህደር ይለቅማል። ጥግ ላይ ሁለት ልጆች እያንዳንዱን በካኪ ወረቀት ሸፍነው ይለጥፋሉ። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ።

«ምንድን ነው የምታደርጉት?» ድምፅዋ ቀጭን ወጣ።

«ውይ እታለም! አልነገርንሽም እንዴ?»

አልነገሯትም። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማን ይናገራል? ከኳየሩ ጋር ወደ ውጭ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። የቆየ ልማድ ነው አሏት፤ ከመጨረሻው ኮንሰርት በኋላ ማህደሮች ተሸፍነው ይደባለቃሉ፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ያወጣል። መንገድ ላይ ሽፋኑ ውስጥ ለባለቤቱ የልቡን ይጽፍለታል። የሚያሾፍ ያሾፋል፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ይጠይቃል፣ ባለፈው ጉዞ ሁለቱ በዚሁ ተፋቅረዋል። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ እስኪደረስ የማንን እንደያዘ የተናገረ ወይም ያሳየ ሰው የሁሉንም ጋውን ብቻውን ያጥባል።

ሳጥኑ ተነቀነቀ። እጆች ገቡ፣ ወጡ፣ ሳቅ ሆነ። የሷም እጅ ገባ።

ሽፋኑን በስርቆት ገልጣ አየች። 30።

አንዱ ልጅ ሃያ ዓመት እስር ታቅፎ እየሳቀ ከክፍሉ ወጣ። ማን እንደሆነ አታውቅም።

በሆቴሉ ኮሪደር ላይ ጋሼን አገኘቻቸው። ጋሼ ለኳየሩ የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊ ናቸው፤ ለሷ ግን «ቆብ» ናቸው፣ የሥራ አጋሯ፣ ከዚያም በላይ ከዘጠኝ ዓመት በፊት መልምለው ሥራውን ያስተማሯት ሰው። ያቺ አሮጌ ካፖርታቸው ከትከሻቸው ወርዳ አታውቅም።

«ይቺን ገበር መቼ ነው የምትሰፊልኝ?» አሉ ግራ ክንዳቸውን ከፍ አድርገው። ከብብቱ ስር ገበሩ ተቦጭቋል። ከመጡ ጀምሮ ይቺን ይጠይቋታል፣ እሷም ነገ ነገ ትላለች።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ።»

ነገረቻቸው። ፊታቸው አልተለወጠም።

«ነገ ከልጆቹ ጋር አውቶቡሱ ውስጥ ይሆናል። ከዚያ የትም አይሄድም» አሉ። «ነገ መንገድ ላይ አግኚው። እንዳትነኪው፣ ማን ጋ እንዳለ ብቻ ንገሪኝ። ኬላው ላይ ቀሪውን ለኔ ተይው።»

«እሺ ጋሼ።»

ጠጋኙ በመጨረሻ ያላትን ግን አልነገረቻቸውም። ለምን እንደተወችው ራሷም አልገባትም። ምናልባት ደንግጣ ነው፤ ምናልባት እሳቸው ራሳቸው ለዓመታት «ከሚያስፈልገው በላይ አትናገሪ» እያሉ ስለመከሯት ነው።

ጠዋት አውቶቡሱ ተነሳ። እስከ ኬላው ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ጋሼ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ፣ ክብሪት መሀል ላይ፣ ከሚጢጢ ጎን።

ሚጢጢ የኳየሩ ትንሿ ልጅ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ ከሌሎቹ ትከሻ አይዘልም፣ ድምፅዋ ግን አዳራሽ ይሞላል። እናቷ ልብስ ንጽህና ቤት ስትተኩስ ውላ ነው ያሳደገቻት። በዚህ ጉዞ የጎረቤት አገሩ የሙዚቃ ኮሌጅ ሰዎች ሰምተዋት በነጻ ሊያስተምሯት ተቀብለዋት ነበር። የትምህርት ፈቃዱ ፓስፖርቷ ላይ ተመቷል። ሚጢጢ ፓስፖርቷን በየአምስት ደቂቃው እያወጣች ታየዋለች።

«እታለም፣ ስትመጪ የማሳይሽ ክፍል ይኖረኛል እኮ!»

«እኔማ ተሸክሜ ነው የምመጣልሽ፣ ስንቅሽን።»

«እማዬ ስትሰማ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ? ‹ካውያውን ማን ያግዘኛል› ነው የምትለው። ከዚያ ሽንት ቤት ገብታ ታለቅሳለች።»

ክብሪት ሳቀች። ዓይኗ ግን በየጭኑ ላይ ያሉትን ካኪ ሽፋኖች ይቆጥራል። ሠላሳ ሁለቱም አንድ ናቸው። ማንም አያሳይም፣ ሁሉም ተደብቆ ይጽፋል። ሁለት ሰዓት አለፈ። ሦስት አለፈ።

አራተኛው ሰዓት ላይ አንድ ሐሳብ መጣላት።

የኳየሩ መሪ አንድ ነገር አጥብቆ ይጠላል፤ በረጅም ድምፅ መሀል ቀዳዳ። የመጨረሻው መዝሙር ላይ አሥራ ስድስት ምት የሚቆይ አንድ ድምፅ አለ። ሁሉም ባንዴ ከተነፈሰ ዜማው ይበሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዘማሪ የሚተነፍስበትን ምት በእርሳስ በማህደሩ ላይ ጽፎለታል፣ ጎረቤትና ጎረቤት እንዳይገጥም። ሌላው ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚተነፍሰው። ክብሪት ግን ትንፋሽ ያጥራታል። ለሷ ብቻ ሁለት ምልክት አድርጎላታል፣ አምስተኛውና አሥራ ሦስተኛው ምት ላይ። «አንቺ እንደ አሮጌ መኪና ሁለት ጊዜ ነው የምትሞይው» ብሏት ነበር ያኔ።

ተነስታ ወደ መሪው ሄደች።

«ቲቸር፣ ልጆቹ ደብቷቸዋል። እያንዳንዱ በያዘው ማህደር፣ በዚያው ሰው ትንፋሽ፣ የመጨረሻውን መዝሙር ቢዘምሩስ?»

የመሪው ዓይን በራ። «ኧረ ይቺ ጥሩ ናት! ተነሱ እናንተ እንቅልፋሞች! እርሳሱን ተከተሉ፣ በራሱ ልማድ የተነፈሰ ጋውን ያጥባል!»

ዘመሩ። ክብሪት መቀመጫው ላይ ተንበርክካ ወደ ኋላ ዞረች፣ የምታስተባብር መስላ። ረጅሙ ድምፅ መጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

አምስት። ሦስት ትከሻ ከፍ አለ፤ አንዱ አጠገቧ ነው።

ስድስት። ሰባት። ስምንት። ልቧ ከምቱ ይቀድማል።

አሥራ ሦስት።

አንድ ትከሻ ብቻ እንደገና ከፍ አለ። ትንሽ ትከሻ ናት። ይህን ድምፅ ሳትተነፍስ ከዳር ዳር የምትዘልቀው ልጅ፣ እርሳሱ ስላዘዛት ሁለት ጊዜ ተነፈሰች።

ሚጢጢ።

ወይኔ! ከሠላሳ አንድ ሰው እንዴት እሷ? ክብሪት ቁጭ አለች። መሪው ያጨበጭባል፣ ልጆቹ ይሳሳቃሉ። ጋሼ ከፊት ሆነው ጋዜጣቸውን ገለጡ፤ ለሳቸው ዜማ ሁሉ ጫጫታ ነው።

ነዳጅ ማደያው ጋ አውቶቡሱ ቆመ።

«ሚጢጢዬ፣ መታጠቢያ ቤት ከሄድሽ ቦርሳሽን ልያዝልሽ።»

«አይሞከርም!» ልጅቷ ቦርሳውን ደረቷ ላይ አጣብቃ እየሳቀች ሮጠች። «ሠላሳ ሁለት ጋውን ልታሳጥቢኝ!»

ጋሼ ከጀርባዋ መጡ።

«ተገኘ?»

«ተገኘ።»

«ማን ጋ ነው?»

አፏን ከፈተች። ሚጢጢ ልትል ነበር፣ እውነቷን ነው። ‹አንዱ አብሯችሁ መጥቷል› ያለው የጠጋኙ ቃል ትዝ አላት።

«አቶ ፋይል ጋ።»

«ጎሽ» አሉ ጋሼ፣ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው። «እኔ እስቲ ለቤት ልደውል፣ ልጆቹ ናፍቀውኛል።»

ከማደያው ጥግ ቆመው ሲደውሉ አየቻቸው። ሚስትና ልጆች አሏቸው፤ ሰው ቤቱ ይደውላል፣ ምን አለበት? ራሷን ወቀሰች። የሚያምኑትን ሰው መዋሸት ያሳፍራል።

ኬላው ረጅም አዳራሽ ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ አንድ የመስታወት ክፍል። በመስኮቱ ድልድዩ ይታያል፣ ከድልድዩ ማዶ የነሱ አገር ኬላ። ልጆቹ እየተጋፉ ገቡ።

የኬላው ሹም ከመስታወቱ ክፍል ወጣ። ፓስፖርት አልጠየቀም። ሰላምታም አልሰጠም።

«ኖታ የሚይዘው የትኛው ነው?»

ክብሪት በዓይኗ ጋሼን ፈለገች።

የአቶ ፋይልን ስም የሰጠችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ዘጠኝ ዓመት! እጇን ይዞ ያስተማራት፣ እናቷ ስትሞት ከለቅሶው ቤት ሦስት ቀን ያልተለየ ሰው! ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በልቧ አንቱታው ቀረ።

አቶ ፋይልን ጎትተው አወጡት። ቦርሳው ተገለበጠ፣ ማህደሩ ገጽ በገጽ ተበተነ፣ የጫማው ሶል ተቀደደ። ምስኪኑ ልጅ «ቆይ፣ ቅደም ተከተሉን እንዳታበላሹት!» እያለ ይለምናል። ምንም አልተገኘም። ሹሙ ቀና ብሎ ጋሼን አየው።

ጋሼ ክብሪትን አየ።

ገባው። እሷም እንደገባው ገባት። ትንሽ ፈገግ አለ፣ ጎበዝ ተማሪ እንዳየ መምህር፣ ከዚያ ለሹሙ በአገጩ ወደ ሰልፉ ጠቆመው።

«ሁሉም የያዘውን ማህደር አውጥቶ ይሰለፍ!»

ሚጢጢ ሦስተኛ ቆመች። ክብሪት ከኋላዋ።

«ሚጢጢዬ» አለች በሹክሹክታ፣ «የያዝሽውን ስጪኝ። ቶሎ።»

«እታለም ደግሞ! በዚህ ሰዓት እንኳን?» ልጅቷ ሳቀች።

የመጀመሪያው አለፈ። ሁለተኛዋ ጠረጴዛው ጋ ቀረበች። ፈታሹ እያንዳንዱን ገጽ ወደ መብራቱ ያነሳል፣ በጥፍሩ ጠርዙን ይሞክራል። የተጣበቀ ገጽ በዚህ ሰው እጅ አያመልጥም።

«ቀጣይ!»

ሚጢጢ ማህደሩን ዘረጋች። አሥራ ዘጠኝ ሲደመር ሃያ። ስትወጣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ይሆናል፤ እናቷ ደግሞ አትኖርም።

ክብሪት ከሰልፉ ወጣች።

በጥፊ መታቻት።

«ሌባ!»

አዳራሹ ጸጥ አለ። የሚጢጢ እጅ ጉንጯ ላይ፣ አፏ ክፍት። ገና የሳቋ ቅሪት ፊቷ ላይ ነበር።

«እታለም…?»

«ምን እታለም ትይኛለሽ! የወርቅ ሐብሌን የት አደረስሽው? ትናንት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ከኔ ጋር የቀረሽው አንቺ ነሽ! እዚህ ውስጥ ነው የደበቅሽው፣ አምጪ!»

ማህደሩን ነጠቀች። ልጅቷ አልለቀቀችም፤ ግራ ገብቷት ነው እንጂ መታገሏ አልነበረም። ተጓተቱ፣ ማህደሩ ተበተነ፣ ወረቀቶቹ ወለሉን ሞሉት። ክብሪት በጉልበቷ ወደቀች። እየጮኸች በሁለት እጇ ወረቀት ትበትናለች፣ ትሰበስባለች። ጥፍሯ ሙጫውን አገኘ፣ ሰነጠቀ።

ካርዱ ከምላሷ ስር ገባ።

ጋሼ እየሮጠ መጣ። ክንዷን ጨምድዶ አነሳት። እሷም አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ጋሼ! ጋሼዬ! የእናቴ መታሰቢያ ነበር እኮ!» ደረቱ ላይ ተለጥፋ አለቀሰች። ለቅሶው እውነተኛ ነበር፣ ከየት እንደመጣ አታውቅም። በመዳፏ አፏን ያዘች። መዳፏ ከአፏ ወደ ካፖርቱ ወረደ፣ ከካፖርቱ ወደ ግራ ብብቱ፣ ከብብቱ ስር ወዳለችው ቡጭቅ።

ገፈተራት።

«ይህን ማህደር እዩት» አለ ለሹሙ፤ መደበቁን ትቶታል። «እሷንም ፈትሿት። ጸጉሯን፣ አፏን፣ ሁሉንም።»

አንዲት ሴት ፈታሽ ቀዝቃዛ ክፍል አስገብታ አወለቀቻት። ጸጉሯ ተፈታ፣ አፏ በባትሪ ታየ፣ የቀሚሷ ጠርዝ ተተረተረ። ሩብ ሰዓት ፈጀ። ስትወጣ የተጣበቁት ገጾች ጠረጴዛው ላይ ለሁለት ተገንጥለው ተዘርግተዋል። በመሀላቸው ምንም የለም። ከዚያ የቀሩት ዘማሪዎችም፣ መሪውም፣ የአውቶቡሱ ሾፌርም አንድ በአንድ ተፈተሹ።

ያልተፈተሸ አንድ ሰው ነበር። የራሳቸውን ሰው ማን ይፈትሻል?

«ሰውዬ፣ ትቀልድብኛለህ?» አለ ሹሙ ጋሼን። ጋሼ ላቡን ጠረገ። ካፖርቷን እንደለበሰ ነው።

ሹሙ ንዴቱን የሚወጣበት ነገር ፈለገ። ዓይኑ ሚጢጢ ላይ አረፈ።

«ሌባዋ ይቺ ነች?» ፓስፖርቷን አነሳ፣ ገለጠ። «ኮሌጃችን ሊያስተምርሽ ነው? ለሌባ?»

ማኅተሙን አነሳ።

ክብሪት ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆማለች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ዋሽቻለሁ፣ አልወሰደችም» ማለት። ግን ያኔ ለምን እንደዋሸች ይጠይቃሉ፣ ምን ልታነሳ እንደወደቀች ይጠይቃሉ፣ አንድ ሰው ካፖርቱን ያራግፋል፣ ካርዱ ከዚህ አዳራሽ አይወጣም። ሚጢጢም ያን ጊዜ ማህደሩን ይዛ የተገኘችው ልጅ ናት።

ክብሪት ዓይኗን ወደ ድልድዩ መለሰች።

«ተሰርዟል» የሚለው ቀይ ማኅተም ፈቃዱ ላይ አረፈ። ሚጢጢ አላለቀሰችም። ፓስፖርቷን ተቀብላ ዘጋችው፣ ከዚያ በኋላ አልገለጠችውም።

አውቶቡሱ ድልድዩን ተሻገረ። ክብሪት አጠገብ የተቀመጠ ሰው የለም። መሪው ሚጢጢን ከጎኑ አስቀምጧታል፣ ልጆቹ በየተራ ዞር እያሉ ክብሪትን ያዩዋታል። ትናንት ጸጉሯን የሠሩላት ልጆች ናቸው።

በራሳቸው ኬላ ልጆቹ ለእጅ መታጠብና ለውሃ ወረዱ። ክብሪት በር ላይ ለቆመው ባለሥልጣን ሁለት ቃል ተናገረች። ሰውየው ሁለት ጓደኞቹን ጠርቶ አውቶቡሱ ደረጃ ስር ቆመ። እሷ ተመልሳ ገባች። ጋሼ ብቻውን ተቀምጧል።

«ዋጥሽው?» አለ። «ወይስ መጸዳጃ ውስጥ ጣልሽው? ያም ሆነ ይህ ላንቺም ለኔም አልሆነ፤ ያለ ካርዱ ማን ያምንሻል?»

«ግራ እጅህን አንሳ።»

«ምን?»

«ገበሩን ልስፋልህ።»

አየት አደረጋት። አንተ ብላው አታውቅም። እጁ ሳያስበው ከፍ አለ። ሁለት ጣቷን ቡጭቁ ውስጥ ሰድዳ፣ በገበሩና በጨርቁ መሀል ወደ ታች ዳሰሰች፣ ካርዱን አወጣችው። በሁለት ጣቷ መሀል ይዛ አሳየችው።

ጋሼ ካርዱን አየ፣ ከዚያ ቡጭቁን።

«እኔ ነኝ ያሻገርኩት?»

«አንተ ነህ።»

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«አንተ።»

ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተቋረጠ። ሁለቱ ሰዎች ደረጃውን ሲወጡ ካፖርቱን አስተካከለና ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«ያቺን ልጅ ግን ጨረስሻት።»

ክብሪት ካርዱን በመዳፏ ጨበጠች።

ከሳምንት በኋላ አለቃዋ ቢሮ ውስጥ ተቀመጠች። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የተዘጋ መጋረጃ።

«አሥራ አንድ ስም» አለ አለቃው። «ቆብ ሦስተኛው ነው። ስድስቱን ይዘናል።»

«የፒያኖው ሰውዬ?»

«ደህና ነው። በሌላ በኩል ወጥቷል።»

«ልጅቷስ?»

«የትኛዋ ልጅ?»

«ፈቃዷን ያጣችው። ኮሌጁ አንድ ደብዳቤ ቢደርሰው…»

«ደብዳቤው ከማን መጣ ይባላል። ስለሷ ለምን ገዳችሁ ይባላል። ያኔ ኬላው ላይ የሆነው ምን እንደነበር ይገባቸዋል።» መነጽሩን አወለቀ። ክፉ ሰው አይደለም። «አውቃለሁ። ይከብዳል። አይሆንም።»

«ለሷ ብቻ ልንገራት። ሌባ እንዳልሆነች እንደማውቅ።»

«ማነው የሚነግራት? ያቺ አልቶ ዘማሪ እኮ የለችም።»

በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ «ትምህርቷን አቋርጣለች» ተብሎ ተጻፈ። ፎቶዋ ከኳየሩ ሰሌዳ ላይ ተነሳ። ጸጉሯን አሳጠረች፣ መነጽር አደረገች፣ ሰፈር ቀየረች። አሁን ሌላ ቢሮ ውስጥ ሌላ ስም አላት፣ ባልደረቦቿ ዝምተኛ ናት ይሏታል።

አምስት ወር አለፈ። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ቆመች። ከፊቷ አንዲት አጭር ልጅ ቆማለች፣ በላስቲክ የተሸፈነ የተተኮሰ ልብስ በማንጠልጠያ ይዛለች። አምስት ሸሚዝ፣ አንድ ሱፍ። ክንዷ ላይ የካውያ ጠባሳ አለ።

ልጅቷ ዞረች።

«እታለም?»

ክብሪት መሄድ ነበረባት። እግሯ እምቢ አለ።

«እታለም፣ አንቺ ነሽ አይደል?» ሚጢጢ ቀረብ አለች። የተቆጣች አትመስልም ነበር፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ለምን? እሱን ብቻ ንገሪኝ። ምን አደረግኩሽ?»

ክብሪት ሁሉንም ልትነግራት ፈለገች። ሃያ ዓመት እኮ ነበር ልትል ፈለገች። አድኜሻለሁ ለማለት ሳይሆን፣ እዚያ ውስጥ ያስገባሁሽም ራሴ ነኝ፣ ይቅር በይኝ ልትል ፈለገች። እቅፍ አድርጋ ልትይዛት ፈለገች።

«ይቅርታ እህቴ» አለች። «ከሰው ጋር አመሳስለሽኝ ይሆናል።»

ሚጢጢ ረጅም ጊዜ አየቻት። ዓይኗን፣ መነጽሩን፣ ያጠረውን ጸጉሯን። ከዚያ ልብሱን ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረችና ለማታውቀው ትልቅ ሰው እንደሚደረገው ራሷን ዝቅ አደረገች።

«እርስዎም ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንዲት የማውቃት ሰው መስለውኝ ነው።» ትንሽ ቆየች። «ምናልባት አንድ ቀን ካገኟት፣ ሐብሉን እኔ አልወሰድኩም ይበሉልኝ።»

«እሺ» አለች ክብሪት።

አውቶቡሱ መጣ። ሚጢጢ አልተሳፈረችም፣ ልብሱን ከፍ አድርጋ ይዛ በእግሯ መንገዱን ተሻገረች። ክብሪት ገብታ ከቆሙት ሰዎች መሀል ቆመች፣ ብረቱን ያዘች። ሰዉ ከሥራ የደከመ ነው። ስታለቅስ ማንም ቀና ብሎ አላያትም።